11 ክብሪት፦ የአንድ የወጣቶች ልብወለድ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ጀመርኩ። ማለቴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመርኩ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ምዕራፍ 4 ላይ ጥያቸዋለሁ። አሁን ግን የየቀኑን ሥራ እየመዘገብኩ እሄዳለሁ። ደግሜ ብጥለው እንኳ የት ላይ እንደጣልኩት አውቃለሁ።

ታሪኩ ይሄ ነው። ሊያ 14 ዓመቷ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ ናቲ 8። ከአባታቸው ጋር ጫካ ውስጥ በእግር እየሄዱ ነው። ሊያ ከአባቷ ጋር ትጣላለች። ተናዳ ከመንገዱ ትወጣለች፣ ናቲ ይከተላታል። ጉም ይወርዳል። ስድስት ቀን ይጠፋሉ።

ኪሷ ውስጥ የክብሪት ቀፎ አለ። ጠዋት አባቷ እሳት አያይዞ "ያዢልኝ" ብሎ የሰጣት ነው። ውስጡ 11 እንጨት አለ። ለምን 11? ሙሉ ቀፎ ብሰጣት ጭንቀት የለም። አንድ ብቻ ብሰጣት ደግሞ በየምዕራፉ ተአምር መሥራት ሊኖርብኝ ነው። 11 ለስድስት ቀን አይካፈልም። ስለማይመች ወደድኩት።

ቀን 2

ቀኑን ሙሉ የታገልኩት ከአባትየው ጋር ነው።

የዚህ ዓይነት ታሪክ የመጀመሪያ ራስ ምታት አዋቂዎቹ ናቸው። አዋቂ አጠገባቸው ካለ ልጆቹ አይወስኑም። ስለዚህ አዋቂው መወገድ አለበት። በሁለቱ የድሮ ረቂቆች አባትየውን ገደል ከትቼው ነበር። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ አንባቢዬ እሷ ናት። ያኔ አንብባ ስትጨርስ ያለችኝ ይሄ ነው፦

"አጎቴ፣ ሁላችሁም ግን ለምንድነው ወላጅ የምትገድሉት?"

"ሁላችሁም" ስትል ከእኔ በፊት ያነበበቻቸውን ጸሐፊዎች በሙሉ ጠቅልላ ነው። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ሳስበው ግን ገባኝ። አባትየው ሲሞት የሊያን ጥፋት ይዞት ይሄዳል። የሞተ አባት አይቆጣም፣ ዓይኑንም ማየት አያስፈልግም። በሕይወት ካለና እየፈለጋት ከሆነ ግን አንድ ቀን ፊቱ መቆም አለባት።

አባትየውን ከገደል አወጣሁት። ወዲያው ታሪኩ ከበደ።

ቀን 4

ምዕራፍ 2 ላይ ሊያ ሁለት እንጨት አፋትጋ እሳት ታወጣ ነበር፣ ክብሪቱን ለመቆጠብ ብላ። አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የፈጀባት። ዛሬ ራሴ ሞከርኩት።

ሲታይ ቀላል ነው። ከሥር ጠፍጣፋ ደረቅ እንጨት ይቀመጣል። እላዩ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ ላይ እንደ ቀስት የተወጠረ ገመድ አንዴ ይጠመጠማል። ከላይ ዘንጉን የምትጫንበት ድንጋይ ትይዛለህ። ቀስቱን ስትገፋና ስትስብ ዘንጉ ይሾራል፣ እንጨት እንጨትን ይፈጫል፣ የሚወጣው ዱቄት እየጠቆረ ሄዶ ፍም ይሆናል። ወረቀት ላይ።

እኔ ዘንድ ገመዱ ተንሸራተተ። ቀጥሎ ዘንጉ ተስፈንጥሮ ጉልበቴን አለኝ። ቀጥሎ ገመዱ ተበጠሰ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ታግዬ ያገኘሁት ትንሽ የሞቀ እንጨት ነው። መዳፌ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል።

ቀን 5

ጭስ አየሁ። ጭስ ብቻ። ሦስተኛ ቦታ ውሃ ቋጠርኩ።

ቀን 7

ነደደ!

ጥፋቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ እንጨቱ ከላይ ደረቅ ይመስላል እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው። ሁለተኛ፣ ከሥረኛው እንጨት ጠርዝ ላይ ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ስንጥቅ አላወጣሁም። ዱቄቱ ከተበተነ ሙቀቱም አብሮ ይበተናል። ዛሬ በቢላ የሾለ ስንጥቅ ሠራሁ። ጥቁር ዱቄት የቡና ስኒ ጫፍ የማይሞላ ያህል ተከመረ። ቀስቱን አቆምኩ። ዱቄቱ መጨሱን አላቆመም። ለካ ፍም መያዙ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ አንተ ስታቆም እሱ ካላቆመ ይዟል ማለት ነው። በተፍተለተለ ደረቅ ሣር አቅፌ እፍ አልኩት። ጣቴን ለበለበኝ። ጮህኩ። ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ተመለሰ።

እንግዲህ ቁጠሩት። አራት ቀን፣ ስለታም ቢላ፣ ተመርጦ የመጣ እንጨት፣ የጠገበ ሰው። ሊያ ከእነዚህ አንዱም የላትም። አንድ አንቀጽ የነበረው ነገር አሁን ሙሉ ምዕራፍ ሆኗል፣ መጨረሻውም "አልሆነም" ነው። የጫማዋ ማሰሪያ ይበጠሳል። ናቲ "ቆይ እኔ ልሞክር" ይላታል፣ ትጮህበታለች። ከዚያ ክብሪቱን አውጥታ ትቆጥራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆጥረው እዚህ ላይ ነው።

ቀን 9

ኤክሴል ከፈትኩ። ልብወለድ ጸሐፊ ኤክሴል ከፈተ ሲባል የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ያለ ሰንጠረዥ የማይሞከር ነው። ቀን፣ ክብሪት፣ ብስኩት፣ ውሃ፣ ቁስል፣ የአየር ሁኔታ። በአንዱ ረቂቅ ናቲ ጫማው ወንዝ ከወሰደው በኋላ ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ የጫማ ማሰሪያውን ያስር ነበር።

የእህቴ ልጅ ሰንጠረዡን አየችና አንድ መደብ ጨመረችበት። ርእሱ፦ "ለወንድሟ የነገረችው ውሸት"።

"ታላቅ እህት ነቻ" አለችኝ። "ሳትዋሽ እንዴት ታድራለች?"

እሷም ታናሽ ወንድም አላት። ለቀባሪው አረዱት ሊሆንብኝ ስለሆነ ዝም አልኩ። መደቡን ስሞላው የታሪኩ ቀን 1 ላይ ብቻ አምስት ውሸት ወጣ። "አባባ አሁን ይደርሳል።" "መንገዱን አውቀዋለሁ።" "እዚህ አውሬ የለም።" "አልራበኝም፣ አንተ ብላ።" "አላለቀስኩም፣ ጭሱ ነው።"

ቀን 10

መዞር። በጉም የጠፋ ሰው ዞሮ ዞሮ የተነሣበት ቦታ ይመጣል ሲባል የተረት ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ሰዎችን ጀርመን ውስጥ በጫካ፣ ቱኒዚያ ውስጥ ደግሞ በሰሃራ በረሃ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አድርገው መንገዳቸውን በጂፒኤስ ተከታተሉ። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ስትታይ ቀጥ ብለው ሄዱ። ሰማዩ ሲዳመን ዞሩ፣ መዞራቸውንም አላወቁም። ዓይናቸው ተሸፍኖ የሄዱት ደግሞ አንዳንዴ 20 ሜትር ስፋት ባላት ትንሽ ክብ ውስጥ ሲሽከረከሩ ተገኙ።

አላመንኩም። ኳስ ሜዳ ሄጄ ዓይኔን በሻርፕ አሰርኩና ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ጎል ቀጥ ብዬ ተራመድኩ። በራሴ በጣም ተማምኜ ነበር። ሻርፑን ስፈታ የማዕዘን ምት የሚመታበት ቦታ ቆሜያለሁ። የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ቀርጻኛለች፣ ለማን እንዳሳየች አልጠየቅኩም።

ከዚህ ያገኘሁት ነገር፦ ሊያ ስትዞር ድክመት አይደለም፣ ሞኝነትም አይደለም። ጥፋቱ እርግጠኛነቷ ነው። "መንገዱን አውቀዋለሁ" ብላ ለሦስት ሰዓት ከመራችው በኋላ ያ የወደቀ ትልቅ ግንድ ፊታቸው ተጋድሞ ያገኙታል። የናቲ ብስኩት ወረቀት አጠገቡ አለ።

ቀን 12

ትልቁ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ይሄዳሉ ወይስ ይቀመጣሉ?

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት እውነተኛ ታሪኮች አሉ፣ እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

አንደኛው የዩሊያነ ኮፕከ ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.። 17 ዓመቷ ነበር። የተሳፈረችበት አውሮፕላን ፔሩ ሰማይ ላይ በመብረቅ ተመቶ ተበታተነ። ከነመቀመጫዋ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ጫካው ላይ ወደቀች። ከ92 ሰዎች የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። እናቷም አብራት ነበረች። የአንገት አጥንቷ ተሰብሯል፣ አንድ ጫማ ብቻ ቀርቷታል። ወላጆቿ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ስለነበሩ ጫካ ውስጥ ኖራለች። ጅረት ወደ ወንዝ፣ ወንዝ ወደ ሰው እንደሚያደርስ ታውቅ ነበር። ውሃውን ተከትላ ሄደች። የክንዷ ቁስል ውስጥ ትል ገባበት። ከጀልባ አጠገብ ባገኘችው ነዳጅ አጥባ አወጣችው። 11 ቀን ፈጀባት። ተራመደች፣ ዳነች።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። ግንቦት 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን አማዞን ጫካ ላይ ወደቀች። አዋቂዎቹ ሞቱ፣ አራት ወንድማማችና እህትማማች ተረፉ። ታላቋ 13 ዓመቷ፣ ትንሹ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከአውሮፕላኑ ያወጡትን የካሳቫ ዱቄት እየበሉ፣ ከዱር ፍሬ እየለቀሙ 40 ቀን ቆዩ። ፈላጊዎቹን ያስቸገራቸው ልጆቹ አንድ ቦታ አለመቆየታቸው ነበር። ስለዚህ የአያታቸውን ድምፅ ቀድተው በሄሊኮፕተር ድምፅ ማጉያ ጫካው ላይ ለቀቁት። በገዛ ቋንቋቸው፣ ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ የሚል መልእክት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልጻፍኩም። ጫካ ላይ ከሰማይ የሚወርድ የአያት ድምፅ። ልብወለድ ውስጥ ብጽፈው አርታኢ "አጋነንክ" ብሎ ይሰርዘው ነበር።

ቀን 13

ሁለቱ ታሪኮች የማይስማሙ የመሰለኝ ስላልጠየቅኩ ነው። ጥያቄው "የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አለ?" ነው። ከዩሊያነ በላይ ያለው ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ከአየር የሚፈልጓት ሊያዩዋት አልቻሉም። መሄድ ነበረባት። የሊያ አባት ግን ልጆቹ የጠፉበትን ቦታ ያውቃል። ሊያ በተራመደች ቁጥር ከሚፈለጉበት ክልል ትርቃለች። ስለዚህ ትክክሉ መቀመጥ ነው። አንድ ቦታ መቆየት፣ መታየት፣ መሰማት።

እሺ። ግን ተቀምጦ መጠበቅ እንዴት ይጻፋል? ለስድስት ቀን የተቀመጠች ልጅ ማን ያነባል?

ቀን 15

አልጻፍኩም። ደበረኝ። መስኮት አጠብኩ።

ቀን 16

መስኮቱን ሳጥብ የመጣ ሐሳብ ነው።

ሊያ መጀመሪያ ምን አደረገች? ተናደደችና ሄደች። ስትናደድ መሄድ ልማዷ ነው። ከክፍል ትወጣለች፣ ከምግብ ጠረጴዛ ትነሣለች፣ በር ታላትማለች። እግሯ ነው የሚቆጣው። ስለዚህ ጫካ ውስጥም ቢሆን መራመድ ለእሷ ቀላሉ ነገር ነው። ስትራመድ ጥፋቷን አታስብም። አንድ ቦታ ከተቀመጠች ግን ናቲ ፊት ለፊቷ ነው። ባዶ እግሩ ፊት ለፊቷ ነው።

መቀመጥ ነው ከባዱ ሥራ። ቀን 3 ላይ ናቲ "እንሂድ በቃ" እያለ ሲያለቅስ እሷም ነፍሷ እየወጣች ነው ለመሄድ። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ግን አልተነሣችም። የማደጓን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት አላገኘሁም። አንድም "ዛሬ አደግኩ" የሚል ዓረፍተ ነገር የለበትም። በድሮው ረቂቅ ሦስት ቦታ ነበር፣ ሦስቱንም ቆረጥኩ።

ቀን 19

የቅዝቃዜ ሙከራ። ቀን 2 ላይ ልጆቹ ጅረት ሲሻገሩ ይወድቃሉ። የናቲን ጫማም ወንዙ የሚወስደው እዚህ ነው። እንግዲህ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይወስዳል። ሹራባቸው የጥጥ ነው፣ የረጠበ ጥጥ ደግሞ አያሞቅም። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ነገሩ አደጋ ነው። እሳት በአስቸኳይ ያስፈልጋቸዋል።

"ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር" ብዬ ጽፌ ነበር። ደንዝዘው ማለት ምን ማለት ነው? በረዶ በሞላ ባልዲ ውስጥ እጄን ለአራት ደቂቃ ከተትኩ። የመጀመሪያው ደቂቃ አጥንት ድረስ ያማል። ሦስተኛው ላይ ሕመሙ ይቀራል፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። አውጥቼ የክብሪት ቀፎውን ለመክፈት ሞከርኩ።

አልተከፈተም። ማለት፣ ጣቴ ቀፎውን እየገፋ ይሁን እየጨመቀው አላውቅም። በጥርሴ ከፈትኩት። እንጨቶቹ መሬት ላይ ፈሰሱ። አንዱን ለማንሳት ሁለቱ ጣቶቼ መገናኘታቸውን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ስጭረው አንገቱ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ። ሦስተኛው በራ፣ ግን መብራቱን እንጂ መያዜን ስላላወቅኩ ጣልኩት። አራተኛውን በሁለት መዳፌ መሃል እንደ ጸሎት ይዤ ጫርኩት። እሱ ያዘ።

ስለዚህ የሊያም ቀን 2 እንዲሁ ሆነ። ሦስት ባከኑ፣ አንድ ያዘ። ምንም አልፈጠርኩም፣ የራሴን እጅ ነው የገለበጥኩት። ቀን 1 ላይ ነፋስ ሁለት አጥፍቶባት ሦስተኛው ይዞላት ስለነበር ቀን 2 ሲመሽ የቀራት አራት ነው። ሰንጠረዡ ላይ መዘገብኩ።

እግረ መንገዴን አንድ ክብሪት ጣት እስኪደርስ ስንት እንደሚቆይ ለካሁ። የእኔው 14 ሰከንድ ቆየ። ምን እንደሚሠራልኝ አላውቅም፣ ግን ጻፍኩት።

ቀን 20

አንድ አሳፋሪ ነገር። ሊያ ውሃ የምታፈላው በፔርሙስ ነበር። ፔርሙስ እሳት ላይ! ሁለት ግድግዳ ያለው ዕቃ ነው፣ መሃሉ የተደፈነ። እሳት ላይ ብትጥደው ሊፈነዳ ይችላል። 14 ዓመት አንባቢ አምኖኝ ቢሞክረውስ? በናቲ የብረት ምሳ ዕቃ ቀየርኩት።

ጫካው 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ብያለሁ። እዚያ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ለዚህ ነው ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከፈላ በኋላ በአንድ ደቂቃ ፋንታ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ የሚመከረው። ይህን ሁሉ ሊያ ስታብራራ ግማሽ ገጽ ሄደ። አነበብኩት፣ የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ነው። አሁን የቀረው ይሄ ብቻ ነው፦ ናቲ ጮክ ብሎ እስከ 180 ይቆጥራል። 112 ላይ ይሳሳትና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሊያ አታርመውም፣ ትጠብቀዋለች።

ቀን 23

ጓሮ አደርኩ። ዳስ ሠራሁ። ግንድ አጋድሜ፣ ቅርንጫፍ ደርድሬ፣ ቅጠል ከምሬበት። ከላይ በጣም ወፍራም አደረግኩት፣ ኮራሁም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መሬቱ ጀርባዬን በላው። ከላይ የለበስኩት ምንም አልጠቀመኝም፣ ሙቀቱን የሚወስደው ከሥር ነው። ቅጠሉን ከጣሪያው እየገፈፍኩ ከሥሬ አነጠፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሸንፌ ቤት ገባሁ።

ሊያ መግቢያ ቤት የላትም። ምዕራፍ 5 ላይ እሷም ጣሪያዋን አፍርሳ ምንጣፍ ታደርገዋለች። ናቲ "ቤታችንን ለምን አፈረስሽው?" ይላል።

ቀን 24

አጭር። ቀን 3 ላይ ክብሪት አይነካም። ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፣ ጠዋት ገልጣ ታቀጣጥለዋለች። አራት እንደነበረ አራት። ቀን 4 ላይ ግን ሲመሽ ዶፍ ይወርዳል፣ እሳቱ ይጠፋል። ዝናቡ ሳያባራ ክብሪት ላለማባከን ስትል ሌሊቱን በጨለማ ያሳልፋሉ። ቀን 5 ጠዋት አንድ ትጭራለች። ሦስት ቀረ። በዚያው እሳት ቀን 6 ላይ ሦስት ቦታ እርጥብ ቅጠል ጭና ነጭ ጭስ ታስነሣለች። ሦስት እሳት፣ ሦስት ጭስ፣ ሦስት ፉጨት፤ በብዙ ቦታ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

ቀን 31

ረቂቁ አለቀ። 212 ገጽ። ለእህቴ ልጅ ሰጠሁ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አባትየው ሲያገኛቸው አንድ ገጽ ተኩል ንግግር ነበረው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ ቤተሰብ። ሳነበው ራሴን አፈርኩ። ስድስት ቀን ያልተኛ ሰው እንዲህ አያወራም። ሁሉንም ሰርዤ አንድ መስመር ተውኩ። አባትየው ይመጣል፣ ይንበረከካል፣ የናቲን እግር ያያል። "ጫማህ የታለ?" ይላል። ሊያም ሳይጠይቃት "እኔ ነኝ ከመንገድ የወጣሁት" ትለዋለች። እሱ መልስ አይሰጣትም። የክብሪት ቀፎውን ትመልስለታለች። ሲቀበላት ውስጡ ሁለት እንጨት ይንኳኳል።

ቀን 34

የእህቴ ልጅ ጨርሳ መጣች። ሦስት ነገር ይዛ።

አንደኛ፣ ሊያ ምዕራፍ 7 ላይ "እንደ አንተ ነው የምታወራው፣ አጎቴ"። ትክክል ናት። "ከዚህ አንጻር" የምትል የ14 ዓመት ልጅ የለችም። ይስተካከላል።

ሁለተኛ፣ የውሸት መደቡ። ቀን 1 አምስት፣ ቀን 2 አራት፣ ቀን 3 ሦስት፣ ቀን 4 ሦስት። ቀን 5 ባዶ።

"ቀን 5 ጠዋት ድንገት ጨዋ ሆነች" አለች። "ናቲ 'አባባ ይመጣል?' ሲላት 'አላውቅም' አለችው። ለምን? ማታ ስትዋሽ አልነበር? ሌሊቱን ምን ሆነ?"

ምንም አልሆነም። ዝናብ ዘነበ፣ ተኙ። "እያደገች ስለሆነ ነው" ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ሦስተኛ፣ "ሰንጠረዡ ላይ የቀረው ክብሪት ሦስት ነው። መጨረሻ ላይ የሚንኳኳው ግን ሁለት ነው። አንዱን ማን ወሰደው?"

ቀን 35

ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። 11፣ 8፣ 4፣ 4፣ 4፣ 3። መጨረሻ ላይ 2። ልክ ናት። ያ "ሁለት" የመጣው የሁለት እንጨት መንኳኳት ስለጣመኝ ነው፣ ሰንጠረዡን አላየሁም። ቀላሉ መፍትሔ አንድ ቃል መቀየር ነው። ሁለትን ሦስት ማድረግ። አምስት ሰከንድ።

አልቀየርኩትም። ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ።

ቀን 36

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነቃሁ። ናቲ ነው የወሰደው።

አራተኛው ሌሊት ነው። እሳት የለም፣ ጨረቃ የለም፣ ዝናብ ብቻ። ናቲ ይነቃል። እህቱ አጠገቡ ትኑር አትኑር አያይም። ቢጠራት እንደምትቆጣው ያውቃል። ኪሷን ይዳብሳል። ቀፎውን ያገኘዋል። አንድ ይጭራል።

14 ሰከንድ።

ሊያ አልተኛችም። ተቀምጣለች። ጉልበቷን አቅፋ፣ ሹራቧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እያለቀሰች ነው። ድምፅ እንዳይወጣት ነው ሹራቡ። ያያታል፣ ታየዋለች። ምንም አይባባሉም። እሳቱ ጣቱ ላይ ሲደርስ ይጥለዋል።

ጠዋት ሊያ ቀፎውን ትከፍታለች። አራት መሆን የነበረበት ሦስት ነው። እስከ ዛሬ አንድ እንጨት ስትጎድል የምትጮህ ልጅ ናት። ናቲን ታየዋለች። እሱ የጣቱን ጠባሳ እያየ ነው። አንዱን አውጥታ ትጭራለች፣ ሁለት ይቀራል። ቀፎውን ዘግታ ኪሷ ታስገባለች። ከዚያ "አባባ ይመጣል?" ይላታል።

ከእንግዲህ "ጭሱ ነው" ልትለው አትችልም።

የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት መልእክት ላኩላት፦ "ናቲ ነው።" የላከችልኝ መልስ፦ "እኔማ ገብቶኝ ነበር።" ገብቷት አልነበረም።

ሰንጠረዡ ላይ የቀን 5ን 3 ሰርዤ 2 አደረግኩት። ቁስል የሚለው መደብ ውስጥ፣ ናቲ፣ የቀኝ አመልካች ጣት፣ ትንሽ ቃጠሎ። አሁን ምዕራፍ 9ን እንደገና መክፈት አለብኝ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ናቲ በዚያው ጣቱ ምንም ሳያመው ጭቃ ላይ ሥዕል ይሥላል።